የእርቁ ጡት

የእናቴ ግራ ጡት እርቅ የታሰረበት ጡት ነበር። ይህን ለሌላ አገር ሰው ስነግር ቀልድ የማወራ ይመስለዋል። ታላቅ ወንድሜን የገደለው ሰው በሽማግሌዎች ፊት ተንበርክኮ፣ ማር የተቀባውን ግራ ጡቷን ጠብቶ፣ የጡት ልጇ ሆኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ እናቱ ናት፤ እኔና ታናሽ ወንድሜም፣ ወደድንም ጠላንም፣ እህቱና ወንድሙ ነን። በእኛ በራያ ቆላ ደም የሚደርቀው እንዲህ ነበር።

ጠቡ የጎርፍ ጠብ ነው። ከቆቦ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳችን ዝናብ አይጠግብም። ማሽላችን የሚበቅለው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፍን ነው፤ ጎርፉ ደግሞ በመጣበት ሰዓት ካልተያዘ ያልፋል። አንድ ክረምት ታላቅ ወንድሜ ተራው የእኔ ነው አለ፤ ያ ሰውም የእኔ ነው አለ። ጎርፉ ሁለቱንም ሳይጠብቅ አለፈ፤ ወንድሜ ቦዩ አፍ ላይ በጥይት ተመቶ ቀረ። ዘመኑ የደርግ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጥቶ ሲጠይቅ ከግመል ወድቆ ነው ተባለ። እንዳላመነ እናውቃለን፤ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። መንግሥት ከገባበት የሁለቱም ቤት ወንድ ተለቅሞ እንደሚሄድ ስለተረዳ፣ ያመነ መስሎ ተመለሰ።

አባታችን ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር ጠብመንጃው የታናሽ ወንድሜ ሆነ። ገዳዩ የሚያልፍበትን መንገድ እየጠበቀ መዋል ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ እናቴን ለመኗት፤ እሷም ጡቷን ሰጠች።

እርቁ ሲፈጸም እኔ አልነበርኩም፤ መምህራን ማሠልጠኛ ነበርኩ። ቆቦ ከተማ አንደኛ ክፍል እንዳስተምር ተመድቤ ስመጣ ሁሉ ነገር አልቆ ጠበቀኝ። ሰውየው እናቴ ግቢ ውስጥ አጥር ያጥራል። ቀና ብሎ "እህቴ" አለኝ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ አልፌው ገባሁ። ሼኻችን ይህ ነገር ኪታብ ላይ የለም፣ ጢም ያወጣ ሰው ጠብቶ ልጅ አይሆንም ብለው ነበር አሉ፤ ጠብመንጃው ሲያርፍ ግን እሳቸውም ዝም አሉ። እናቴን ለምን እንዲህ አደረግሽ ስላት፣ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው እንዳይሞትብኝ ነው አለችኝ።

እብጠቷን ያገኘችው ለሶላት ስትታጠብ ነው። ለገበያ ቆቦ ስትመጣ የምታርፈው እኔ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ቀን በሩን ዘጋችና እጄን ይዛ ግራ ጡቷ ላይ፣ ከጫፉ ከፍ አድርጋ፣ አስቀመጠችው። ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ነካሁ፤ በጣቴ ስገፋት አትሸሽም። አያመኝም አለች እናቴ። የማያም ነገር ምን ክፋት አለው ብለን ሁለታችንም ደስ አለን። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ቢያማት ኖሮ እንደነግጥ ነበር።

ቢሆንም ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና ረዳቱ ከጎጃም የተመደበ ወጣት ነው። ጡቷን ዳሰሰ፣ ብብቷን ዳሰሰ፣ ደህነኛውንም ጡት ዳሰሰ። ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል አለኝ። የጡት እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ግን እንዲህ ጠጣር ሆኖ፣ ሳያም፣ ሥጋውን ነክሶ የተቀመጠ ነገር ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል አለ። ደሴ ውሰጃት፣ አሁን ትንሽ ናት፣ አሁን ከሆነ የመዳን ተስፋዋ ብዙ ነው አለኝ። ቆሜ ስሰማው የማስበው ስለ ጠመኔ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የቀረው ጠመኔ ለሳምንቱ ይበቃ እንደሆነ። ድንጋጤ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ አልመጣም።

እናቴ የፈራችው ቢላዋውን አልነበረም። ይቆረጣል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። ሙሉውን ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና፣ "እርቁስ?" አለችኝ።

መጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባኝም። ሲገባኝ ተናደድኩ። ሰው ሊሞት ነው፣ አንቺ ስለ ሽማግሌ ወሬ ታስቢያለሽ አልኳት። አልተቆጣችኝም። ታናሽ ወንድሜን አስጠራችውና፣ ይህ ጡት ከላዬ ቢነሳ አንተ ለዚያ ሰው ምኑ ነህ ብላ ጠየቀችው። ታናሽ ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ነገር ሲያመነዥክ የሚኖር ሰው ነው። መሬት መሬት እያየ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ" አለ። እናቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠብመንጃ አየች፤ ደሴ የመሄዱም ነገር በዚያው ቀረ። ጡቴ ሲቆረጥ እርቁም አብሮ ከተቆረጠ፣ እኔ ድኜ ልጄን ልቅበር ነው ወይ አለችኝ በኋላ።

እርቁን የፈጸሙት ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ብዙ ደም ያስታረቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። በዘመናቸው የእርቅ ጡት ሲቆረጥ እንዳላዩ፣ ከአባቶቻቸውም እንዳልሰሙ ተናገሩ። እናት ስትሞት እርቁ ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ ይህስ? እናቲቱ ቆማ ጡቱ ሲሄድ ምን ይባላል? ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተነጋገሩበት። በመጨረሻ የጡት ልጁ ራሱ መጥቶ፣ በእነሱና በታናሽ ወንድሜ ፊት፣ እርቁ አይነካም ብሎ ይናገር፣ ከዚያ ትሂድ አሉ። ሲሰሙት ጥሩ ፍርድ ነው። ችግሩ ሰውየው እዚያ አለመኖሩ ነበር። ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱን ነድቶ ሣር ፍለጋ ወደ አፋር በረሃ ወርዷል፤ የሚመለሰው ክረምት ሲገባ ነው።

ከአፋር ጨው ጭነው ቆቦ ገበያ የሚመጡ ባለ ግመሎች አሉ፤ በእነሱ መልእክት ተላከ። ነገር ግን የእናትህ ጡት ታሟል የሚል ወሬ በባዳ ወንድ አፍ ከግመል ግመል እየተሻገረ እንዲሄድ የሚፈቅድ ሽማግሌ የለም። ነውር ነው። ስለዚህ፣ እናትህ ትፈልግሃለች፣ ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው ይጠብቁሃል፣ ሳትውል ሳታድር ና ብለው ብቻ ላኩ። የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው ምን እንደሚያስብ፣ ከእነዚያ ሁሉ ሽበታሞች አንዱ እንኳ አላሰበበትም። እኔም ብሆን አላሰብኩበትም።

ሰውየው አልመጣም። ደግመው ላኩ። ሁለተኛው መልእክት ከደረሰው በኋላ ከብቱን ነድቶ ከነበረበት ራቅ ወዳለ በረሃ እንደወረደ ባለ ግመሎቹ ነገሩን። ንቆን ነው አለ ታናሽ ወንድሜ፤ የጠብመንጃውን አፈ ሙዝ ሲወለውል አየሁት።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ነገሩ ያድግ ነበር። ሽምብራ የነበረው ባቄላ አከለ፤ ቆይቶ የዶሮ እንቁላል አከለ። የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ። ከላይ ያለው ቆዳ ጎድጎድ ጎድጎድ እያለ የብርቱካን ልጣጭ መሰለ። ከዚያ ብብቷ ውስጥ ንፍፊት ወጣ። ጎረቤቶች በጋለ ብረት ይተኮስ አሉ፤ እናቴ አስጠግታ አላስነካችም። አሁንም እምብዛም አያማትም፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ፍየሎቿን ታልባለች። እኔ ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን ፊደል አስቆጥራለሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የቀበሌ ስብሰባ እወጣለሁ፣ ሲያጨበጭቡ አጨበጭባለሁ። እናትሽ እንዴት ናት ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ውስጤ ምንም የለም፤ እንደ ደነዘዘ እግር ነው፣ እንዳለ ታውቃለህ እንጂ አይሰማህም።

አንድ የገበያ ቀን ጨው ተራ በኩል ሳልፍ፣ መልእክቱን ያደረሰው ባለ ግመል ጨው ሲያራግፍ አየሁት። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ሰውየው ለምን አልመጣም ብዬ ጠየቅኩት። ሊገድሉኝ ነው የሚጠሩኝ ብሎ ነዋ አለኝ፣ ይህ እንዴት ይጠፋሻል በሚል ዓይን እያየኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገበያተኛው ከቦ ይሰማል፤ ሴት ልጅ፣ ያውም አስተማሪ፣ ሰው ፊት ቆማ የማትለውን በደንብ ድምፅ አውጥቼ አልኩት። "እናትህ ግራ ጡቷን ነቀርሳ ይዞታል፣ መቆረጥ አለበት፣ አንተ ካልፈቀድክ አልቆረጥም ብላ እየሞተች ነው በለው" አልኩት። ቃል በቃል እንዲናገር አስደገምኩት። ጨው የሚሸጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወሬው እኔ ቤቴ ሳልደርስ ታናሽ ወንድሜ ጋ ደርሶ ነበር፤ አዋረድሽን ብሎ ሲቆጣኝ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት።

ሰውየው ወሬው እንደደረሰው ከብቱን ለሰው ትቶ መጣ። ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ሽማግሌዎቹ እንደገና ግራሩ ሥር ተቀመጡ፤ እናቴ ከመሐል፣ ታናሽ ወንድሜ ራቅ ብሎ ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ። እኔም ሳልጠራ ሄጄ ከእናቴ ኋላ ተቀመጥኩ። ማንም ተነሺ አላለኝም።

ሰውየው ብዙ አልተናገረም። "የምትገድሉኝ መስሎኝ ነው የቀረሁት" አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጡቱ ከተቆረጠ እርቁን የት እናገኘዋለን ብለው ጠየቁት።

"እኔ ጠጥቼዋለሁ እኮ" አለ። "ሆዴ ውስጥ ነው። ያንን ማን ይቆርጠዋል?" ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ "እማ፣ አስቆርጪው" አላት።

ሁሉም ታናሽ ወንድሜን አየ። ታናሽ ወንድሜ እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ ቆየ። በመጨረሻ ጠብመንጃውን ከጭኑ አነሣና መሬት ላይ አስቀመጠው። "ይቆረጥ" አለ። ከዚያ በላይ ከእሱ የሚጠብቅ አልነበረም።

በነጋታው በአውቶቡስ ደሴ ወረድን፤ ሰውየውና ታናሽ ወንድሜ ከፊት፣ እኔና እናቴ ከኋላቸው። ሮቢትን፣ ጎብዬን፣ ወልድያን እስክናልፍ ድረስ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም።

ቀዶ ሐኪሙ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ነርሷ ታስተረጉማለች። ጡቷንና ብብቷን ሲያይ ፊቱ ብዙም አልተለወጠም፤ መቼ ነው የጀመራት ብሎ ብቻ ጠየቀ። ነገርኩት። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ማስረዳት ጀመረ። የሰው ሥጋ ልኩን ያውቃል አለ፤ ያድጋል፣ ሲበቃው ይቆማል። ነቀርሳ መቆም ያቃተው ሥጋ ነው። መጀመሪያ ጡት ውስጥ ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተቆርጦ ቢወጣ ብዙዎቹ ይድናሉ። ቆይቶ ወደ ብብት ንፍፊት ይሄዳል፤ ከዚያ በደም ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት። እኛ አሁን ብብቱ ጋ ደርሰናል፤ ስለዚህ ጡቱን ከነንፍፊቱ አወጣለሁ አለ። ሌላ አገር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በጨረር ያቃጥሉታል፣ በደም የሚገባ መድኃኒትም ይሰጣሉ፤ እዚህ ያ ሁሉ የለኝም፣ ያለኝ ቢላዋ ነው አለ። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ የሚለውን አልተናገረም። ቢናገረው ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ነርሷን ወደ ራሷ ጎተት አድርጋ በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ነርሷ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ ወንዶች አየች፣ ከዚያ አስተረጎመች። ትልቅ ሰው ጠብቶኝ ነበር፣ ከእሱ ገብቶብኝ ይሆን ወይ ትላለች አለች። ሰውየው በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። ሐኪሙ እንዴትና ለምን ብሎ አልጠየቀም። አይደለም አለ፤ ነቀርሳ በመጥባት አይገባም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የማንም ዓይንና እርግማን አያመጣውም፤ ከማንም አልመጣም በያት አለ። ሰውየው ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። ያን ሁሉ ወራት በረሃ ውስጥ የፈራው የራሱን ሞት ነበር፤ ገበያ ላይ የላክሁት ቃል ከደረሰው በኋላ ያሰበውን ግን ያን ጊዜ ከፊቱ አየሁት። አላዘንኩለትም።

ጡቱ ተቆረጠ። እናቴ ስትነቃ መጀመሪያ ያደረገችው በቀኝ እጇ ፋሻውን መዳሰስ ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ስታገኘው እጇን መልሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተች። ነርሷ የግራ እጇ ሊያብጥ እንደሚችል፣ ከባድ ነገር እንዳትሸከምበት፣ ቁስሉ ሲጠግግ ግን ጣቶቿን ግድግዳ ላይ እያስወጣች በየቀኑ እንድታፍታታው ነገረቻት። እሺ እሺ አለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ እሺ እሺ አልኩ።

ሰውየው ግን ሐኪሙን ደጅ ላይ ጠብቆ ያዘው። ጡቱን ስጡኝ አለ። ነርሷ ለማስተርጎም አፈረች፤ ደግሞ ጠየቃት። የእናቴ ነው፣ ከእናቴ አካል የወጣ ነው፣ እኔ እያለሁ ጉድጓድ ውስጥ አይጣልም፣ በወግ ይቀበራል አለ። ሐኪሙ ትንሽ ቁራጭ በብልቃጥ ተደርጋ አዲስ አበባ በማጉያ መነጽር እንድትመረመር መላክ እንዳለባት ነገረው። ያቺን ውሰዱ፣ የቀረውን ስጡኝ አለ። ነርሷ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጋ ሰጠችው። እንዳይሸት ብሎ ዙሪያውን ጨው ነሰነሰበት። በማለዳው አውቶቡስ ወደ ቆቦ ሊሄድ ሲወጣ ታናሽ ወንድሜ ተነሥቶ ተከተለው። ያን ጊዜ እንኳ አልደነገጥኩም፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ቢመለስስ ብዬ አሰብኩ፣ አስቤም የእናቴን ፋሻ ማስተካከል ቀጠልኩ።

በሽታው በኋላ ተመልሶ ጀርባዋ አጥንት ውስጥ እንደገባ፣ እንደገደላትም እዚሁ ላይ ልናገር፤ የሚያነበኝ ሰው ድና ኖረች ብሎ እንዳያስብ። ነገር ግን ኖራለች። ታናሽ ወንድሜን ድራለች፣ የልጁንም ፊት አይታለች። ሐኪሙ ያለው ቢላዋ ያን ያህል ዕድሜ ሰጥቷታል፤ ሽምብራ ሳለች ቢሆን ኖሮ ስንት ይሰጣት እንደነበር አላውቅም፣ ይህን ሳስብ ዛሬም በእነዚያ ሽማግሌዎች እናደዳለሁ።

ሁለቱ ሰዎች አብረው ተመለሱ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ የሁለቱም እጅ ውኃ ቋጥሯል። እናቴ ትራሷ ላይ ቀና ብላ ጠበቀቻቸው። የጡት ልጇ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እጇን ሳመ።

"የት ቀበርከው?" አለችው።

"ከወንድሜ አጠገብ" አለ።

ወንድሜ ያለው ማንን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የገደለውን ሰው ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሲያነሳው አልሰማሁትም፤ ወደ መቃብሩም በዓይኑ ሲዞር አላየሁትም። እናቴም ፊቱን አየችው፤ ከዚያ ታናሽ ወንድሜን አየችው።

"ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ" አለ ታናሽ ወንድሜ። "አብረን ቆፈርን።"

እናቴ በቀኝ እጇ የሁለቱንም ጣት፣ የቻለችውን ያህል፣ አንድ ላይ ያዘች። "እሱም ሕፃን ሆኖ ግራውን ነበር የሚወደው" አለች። "ቀኙን ስሰጠው ያለቅስ ነበር።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለእሷ አልነበረም፤ ለታላቅ ወንድሜ ነው፤ ተቀብሮ ስለደረስኩ፣ ሁሉ ነገር ታርቆ ስለጠበቀኝ አንድም ቀን ላላለቀስኩለት ወንድሜ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሌሎቹ በሽተኞች እያዩኝ፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ሁለቱ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እናቴም ዝም በይ አላለችኝም።